ቁርጥማት ሁሉ ብርድ አይደለም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ፣ ስለ ጨረቃ ጉዞ እንናገር ያሉ ጓደኞች ነበሩን። ከብዙ ክርክር በኋላ ግን ስለ ወተትና ስለ ወገብ ለመናገር ተስማማን። ሁለቱን ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

ባገራችን ሰው ወገቡን ወይም ጉልበቱን ሲያመው «ብርድ መታኝ» ይላል፤ ዕድሜው ከገፋም «ቁርጥማት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከመካከላችን የአንዱ አጎት በዚህ ስም ስምንት ወር ተኝተዋል። ቀን ደኅና ይውላሉ፤ ማታ ትኩሳት ይነሣባቸዋል፤ ሌሊት ልብሳቸው በላብ ይርሳል፤ ወገባቸውን ካልያዙ ከመቀመጫቸው አይነሡም። አንድ ጊዜ ወባ፣ አንድ ጊዜ ታይፎይድ ተባለ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም «ወተት እንዴት ነው የሚጠጡት?» ብሎ ጠየቃቸው። እንደ ታለበ፣ ትኩሱን፣ እንደ አባቶቻቸው ነበር የሚጠጡት። ደማቸው ሲመረመር በሽታው ብሩሴሎሲስ ሆኖ ተገኘ።

ይህ የላም፣ የፍየል፣ የበግና የግመል በሽታ ነው። እንስሳዪቱ ጽንስ ታስወርዳለች፤ ወይም ምንም ሳይታይባት ጀርሙን በወተቷ ታወጣለች። ሰው የሚያዘው ጥሬ ወተት በመጠጣት፣ ወይም ከብት ሲያዋልድ የእንግዴ ልጁንና የወረደውን ጽንስ በባዶ እጁ በመንካት ነው።

ጀርሙን መጀመሪያ ለይቶ ያሳደገው ዴቪድ ብሩስ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ነው። በማልታ ደሴት በትኩሳት ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ውስጥ ማግኘቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ገለጠ። ከየት እንደሚመጣ ግን 18 ዓመት ሙሉ አልታወቀም፤ ውሃውም፣ አየሩም፣ ትንኙም ተጠረጠረ። በዚያን ዘመን የማልታ ፍየሎች በየመንገዱ እየተነዱ በየቤቱ ደጃፍ ይታለቡ ነበር። በ1905 የማልታ ተወላጅ የሆነው ዶክተር ተሚስቶክለስ ዛሚት ለምርመራ የያዛቸውን ፍየሎች ደም ቢያይ፣ ጤነኛ የሚመስሉት ፍየሎች በሽታውን ተሸክመው ተገኙ። በሚቀጥለው ዓመት የፍየል ወተት ለጦሩ ተከለከለ፤ የታማሚውም ወታደር ቁጥር ፈጥኖ ወረደ። የደሴቲቱ ሕዝብ ግን ልማዱን ስላልተወ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ታመመ። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይመስለንም።

አሁን ወደ አጥንቱ እንምጣ። ጀርሙን የሰውነታችን ዘበኞች የሆኑት ሕዋሶች ሲውጡት አይሞትም፤ በውስጣቸው ተሸሽጎ ይኖራል። እነርሱም ወደ ጣፊያ፣ ወደ ጉበትና ወደ መቅኔ ይዘውት ይሄዳሉ። በሽታው ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች ሁሉ የሚበዛው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ጉዳት ነው። ጉልበት፣ ዳሌ ወይም ቁርጭምጭሚት ያብጣል። በወጣቶች ብዙ ጊዜ የጀርባ አጥንት ከዳሌ ጋር የሚገናኝበት ሥፍራ ይታመምና ሰውየው ያነክሳል። ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ደግሞ የወገብን አከርካሪ ይይዛል። ከአንጓው የፊት ለፊት የላይኛ ጠርዝ ይጀምርና ቀስ እያለ ይቦረቡራል፤ በአንጓዎች መካከል ያለውንም ልስልስ ዲስክ ይጐዳል። አንዳንድ ጊዜ መግል ይቋጥርና ነርቭ ይጫናል፤ እግርም ይደነዝዛል።

እዚህ ላይ ሐኪሞችም የሚቸገሩበት ነገር አለ፤ ሕመሙ የአከርካሪ ቲቢ ይመስላል። ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ በደረት ትይዩ ያለውን አጥንት ይይዛል፤ አንጓውንም አፍርሶ ጀርባን ያጐብጣል። ብሩሴሎሲስ ግን ወደ ወገብ ያደላል፤ የአንጓውም ቅርጽ ብዙ ጊዜ ሳይፈርስ ይቆያል። ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ኤም አር አይ ቀድሞ ያሳያል፤ እርሱ ግን በየወረዳው አይገኝም። ይልቁንም የሚያሳስተው፣ ሪፋምፒሲንና ስትሬፕቶማይሲን የተባሉት መድኃኒቶች ሁለቱንም ጀርሞች የሚጐዱ መሆናቸው ነው። በስሕተት የቲቢ መድኃኒት የጀመረ በሽተኛ ለጊዜው ሻል ሊለው ይችላልና፣ ሐኪሙም በሽተኛውም በሽታውን ያወቁት ይመስላቸዋል።

መድኃኒቱስ አለ። ዶክሲሳይክሊን ከሪፋምፒሲን፣ ከስትሬፕቶማይሲን ወይም ከጄንታማይሲን ጋር ይሰጣል። ለተራው ሕመም 6 ሳምንት፣ አከርካሪ ከተያዘ ግን ቢያንስ 12 ሳምንት ያስፈልጋል። እኛ የምንፈራው ይህንኑ ርዝመቱን ነው፤ ትኩሳቱ ቶሎ ስለሚበርድ ብዙ ሰው መዋጡን ይተዋል፤ በሽታውም ይመለሳል።

እናቶቻችን ሆይ፤ ወተት በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ቢሞቅ ጀርሙ ይሞታል። ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት እስኪገነፍል ማፍላት ይበቃል። ጥሬው ወተት መርጋቱ ወይም መኮምጠጡ ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። አባቶቻችንም ከብት ስታዋልዱ ጓንት አድርጉ፤ የወረደውን ጽንስ ለውሻ አትጣሉት፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት።

አጎታችን የሦስት ወር መድኃኒታቸውን ጨርሰው ዛሬ ያርሳሉ። የተፈላ ወተት ጣዕም የለውም እያሉ ግን አሁንም ያጉረመርማሉ። የአከርካሪውን ሥዕል በሳይንስ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ዘርግተነዋልና፣ ከሻዩ በፊት መጥታችሁ እንድታዩልን በትሕትና እንለምናለን።