የእጅ ስብራት በወጌሻና በቀዶ ሐኪም መካከል

አቅራቢ 1፦ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ እጁ የተሰበረ ገበሬ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፤ ቅርብ ነው፣ ዋጋውም አይከብድም። እጅ ግን 27 አጥንቶች ከጅማትና ከነርቭ ጋር የተጠላለፉበት ብልት ነው። የጣት አጥንት ጥቂት ዞሮ ከገጠመ፣ ጡጫ ሲጨበጥ ጣት በጣት ላይ ይወጣል፤ እርፍ መያዝም ይቸግራል። የዞረው አጥንት በእጅ ቢቃና እንኳ በወጌሻው የቀርከሃ እስር ብዙ ጊዜ አይጸናም፤ ሐኪሙ ቀጭን የብረት ሽቦ የሚያስገባው ለዚህ ነው።

አቅራቢ 2፦ ወጌሻን እንዲህ በአንድ ቃል አትጣለው እንጂ! አብዛኛው የእጅ ስብራት ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል። ከጮቄ ተራራ ሥር ለሚመጣ ሰው ደግሞ በአጨዳ ወቅት ሆስፒታል መመላለስ ቀላል ወጪ አይደለም።

አቅራቢ 1፦ እኔም ሁሉም ይቀደድ አላልኩም፤ ክርክሬ በመለየቱ ላይ ነው። ቦታውን የለቀቀውን ስብራት ካልለቀቀው የሚለየው ራጅ ነው። አጥብቆ ማሰርም ሌላ ጣጣ አለው፦ በአገራችን ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች፣ የወጌሻ እስር ያመጣውን ጋንግሪን ከእጅና እግር መቆረጥ ምክንያቶች መካከል ደጋግመው ጠቅሰውታል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ እስሩ ወዲያው ይፈታ።

አቅራቢ 2፦ እንግዲያው ወጌሻውን ማሠልጠን ነዋ! ቤተሰቡ የሚሰማው እሱን ነው። እሱ «ይሄስ የራጅ ነው» ካለ በሽተኛው በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ይደርሳል፤ ጠሞ ከገጠመ በኋላ ለመጣው ግን ሐኪሙ አጥንቱን እንደገና መስበር ሊኖርበት ይችላል።