አንድ ችካል፣ አንድ ርቀት፦ የክብ መቁረጫ መምሪያን በራስ እጅ ስለ መሥራት

(በአሰላ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለሙያ ባለቤቶች የቀረበ የገለጻ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲታይ ትንሽ ነው። በእንጨት ሥራ ራውተር ላይ የሚገጠም፣ ክብ ለመቁረጥ የሚያገለግል መምሪያ እንዴት በራስ እጅ እንደሚሠራ እናያለን። ራውተር ስል ኢንተርኔት የሚያከፋፍለውን ሣጥን ማለቴ እንዳልሆነ የእንጨት ሥራ ክፍል ተማሪዎች ታውቃላችሁ። በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከሥሩ የታሰረለትን የመቁረጫ ፑንታ በደቂቃ ከ20,000 ጊዜ በላይ ማሽከርከር የሚችል መሣሪያ ነው። ብዙዎች ‘ጂግ’ የሚሉትን ረዳት መሣሪያ ደግሞ እኔ ዛሬ ‘መምሪያ’ እለዋለሁ፤ የሚሠራው ሥራ መምራት ነውና።

እንዲህ ያለው መምሪያ ተሠርቶ ይሸጣል። ታዲያ ስለምን በራሳችን እንሠራዋለን? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ገዝቶ የሚጠቀም ሠልጣኝ ክብ ቆርጦ ያስረክባል፤ ራሱ የሠራው ግን ስሕተት ከየት እንደሚመጣ፣ በምን እንደሚለካና በምን እንደሚታረም ያውቃል። ይህ ዕውቀት ማሽኑ በሌለበትም ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ቀሪው ንግግሬ የዚህ ሐሳብ ማብራሪያ ነው።

ከገመድ እስከ ሰሌዳ

በአርሲ ደጋ ጎጆ የሚሠራ ሰው መሠረቱን ሲቀይስ በመሬቱ መካከል ችካል ይተክላል፤ በችካሉ ላይ ገመድ ያስራል፤ በገመዱ ጫፍ ሌላ እንጨት ይዞ ይዞራል። የክብ ትርጓሜ ሙሉ በሙሉ በዚህ ድርጊት ውስጥ አለ፤ አንድ ያልተነቃነቀ ነጥብና አንድ ያልተለወጠ ርቀት። ባለ ሦስት ክፍሉ ክብ ቤተ ክርስቲያንም ቅኔ ማሕሌቱና ቅድስቱ የሚቀየሱት በዚሁ ሕግ ነው። መካከሉ አንድ ሲሆን ርቀቱ ብቻ ይለያያል።

ገመድ ግን ሁለት ጠባይ አለው። ሲጎተት ይረዝማል፤ በችካሉ ላይ ሲጠመጠም ደግሞ ያጥራል። ግድግዳው በጭቃ ለሚመረግ ጎጆ የጣት ስፋት ልዩነት አያስጨንቅም፤ ክዳንና አፍ ለሚገጥሙበት የእንጨት ዕቃ ግን ያስጨንቃል። ስለዚህ ገመዱን በማይሳብና በማይጠመጠም ነገር እንተካዋለን። የክብ መቁረጫ መምሪያ ማለት ይኸው ነው፤ አንድ ጫፉ ራውተሩን የተሸከመ፣ ሌላ ጫፉ በችካል ላይ የሚዞር ሰሌዳ።

አሠራሩ

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 700 ሚሊ ሜትር ርዝመትና ከራውተሩ መቀመጫ ጥቂት የሚሰፋ ቀጥ ያለ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ፤ ትራፓኖ፤ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፑንታ፤ ስኳድራና ሜትር።

በመጀመሪያ የራውተሩ ገመድ ከሶኬቱ ይነቀላል። ከሥሩ ያለው የፕላስቲክ ሰሌዳ ተፈትቶ በኮምፔንሳቶው አንድ ጫፍ ላይ ይቀመጥና የብሎኖቹ ቀዳዳዎች በእርሳስ ይቀዳሉ። በሜትር ከመለካት ይልቅ ዕቃውን ራሱን ልኬት ማድረጉ ይሻላል፤ ልኬትን ማንበብና መልሶ መጻፍ የሚያስከትለው ስሕተት ይቀራልና። ቀዳዳዎቹ ከተበሱ በኋላ የብሎኖቹ ራስ ከሰሌዳው ገጽ በታች እንዲሰምጥ አፋቸው ይሰፋል፤ አለዚያ ብሎኑ ሥራውን ይቧጭራል። ለፑንታው ማለፊያና ለፍቅፋቂው መውጫ የሚሆን ሰፊ ቀዳዳም ይከፈታል።

ቀጥሎ ከፑንታው መካከል ተነሥቶ በሰሌዳው ርዝመት የሚሄድ ቀጥተኛ መስመር ይሰመራል። የችካሉ ቀዳዳ የሚበሳው በዚህ መስመር ላይ ነው። ለችካልነት የዚያኑ የ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ ለስላሳ ግንድ ቆርጦ መጠቀም ይቻላል፤ ቀዳዳውን የበሳው መሣሪያ ራሱ ቀዳዳውን ይሞላዋል።

ስሕተት የሚገባባቸው በሮች

ተማሪዎች ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ክፍል ነው።

የመጀመሪያው በር የፑንታው ውፍረት ነው። ስፋቱ 600 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ክዳን እንፈልግ እንበል። ግማሹ 300 ነው። ተማሪው ከችካሉ መካከል እስከ ፑንታው መካከል 300 ለክቶ ቢበሳና ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ቢጠቀም፣ ቦዩ ከ296 እስከ 304 ይቆፈራል። ስለዚህ በውስጥ የሚቀረው ክዳን 592፣ በውጭ የሚቀረው ቀዳዳ 608 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ክዳኑንና ቀዳዳውን በአንድ ልኬት ሠርቶ ያገጣጠመ ሰው ዙሪያውን የ8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያገኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለክዳን የፑንታውን ግማሽ ጨምሮ 304፣ ለቀዳዳ ደግሞ ቀንሶ 296 መለካት። የትኛውን ወገን እንደምናስቀር ሳንወስን ሜትር ማንሣት የለብንም።

ሁለተኛው በር መንታነት ነው። ከችካል እስከ ፑንታ ባለው ርቀት የተሠራች የ1 ሚሊ ሜትር ስሕተት በክቡ ስፋት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ሆና ትታያለች። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከመቆረጡ በፊት በቁርጥራጭ ሰሌዳ ላይ ጥልቀት የሌለው ቦይ ተቆፍሮ ሙሉ ስፋቱ ይለካል፤ የተገኘው ልዩነት ለሁለት ተካፍሎ ችካሉ ይዛወራል። ስሕተቱን እጥፍ አድርጎ የሚያሳየን ክቡ ራሱ ስለሆነ፣ ከግማሹ ይልቅ ሙሉውን መለካት ይሻላል።

ሦስተኛው በር የችካሉ ልቅነት ነው። 6 ሚሊ ሜትር ችካል በ6.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ ቢዞር፣ መምሪያው እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወዲህና ወዲያ ይንሸራተታል። ዙሩ ሲያልቅ መጀመሪያውና መጨረሻው አይገጥሙም፤ በጠርዙ ላይ ትንሽ ደረጃ ትታያለች። ብዙ ጊዜ ይህች ደረጃ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቃ ትጠፋለች፤ ምክንያቷ ግን በመምሪያው ውስጥ ይቀመጥና በሚቀጥለው ሥራ ይመለሳል።

እንጨቱም ይናገራል

አራተኛው በር በመምሪያው ውስጥ የለም፤ በእንጨቱ ውስጥ ነው። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በጎኑ ግን ይሸበሸባል። በአርሲ ደጋ በብዛት የሚገኘው ነጭ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በመሸብሸብና በመጣመም የታወቀ ነው። ካልደረቀ ጣውላ 600 ሚሊ ሜትር ክብ ቆርጠን እንጨቱ በጎኑ 3 በመቶ ቢሸበሸብ፣ አንዱ ስፋት 582 ሲሆን ሌላው 600 ገደማ ይቀራል። በክረምት ክብ የነበረው ገበታ በበጋ የእንቁላል ቅርጽ ይይዛል። ደንበኛ ይህን ሲያይ ሠራተኛውን ይወቅሳል፤ ሠራተኛው ማሽኑን ይወቅሳል፤ ማሽኑ ግን የታዘዘውን ፈጽሟል። ስለዚህ ጣውላው አስቀድሞ በጥላ ተደርድሮ ይድረቅ፤ ጊዜ ከሌለ ኮምፔንሳቶ ይመረጥ፤ ንብርብሮቹ አንዱ የሌላውን አቅጣጫ እያቋረጡ ስለ ተጣበቁ የሚለወጠው በጣም በጥቂቱ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጉዳይ አለ። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር በርጩማ የአገራችን ውብ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የግንዱ አብዛኛው ክፍል ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል፤ እንደ ዋንዛ ያሉ አገር በቀል ዛፎችም እየተመናመኑ ነው። መቀመጫው ከጣውላ በመምሪያ ተቆርጦ እግሮቹ ለየብቻ ቢገጠሙለት፣ ከዚያው ግንድ በርካታ በርጩማዎች ይወጣሉ። መምሪያው የእግሮቹን ቦታም ያሳያል። የፑንታውን ቦታ በእርሳስ ተክተን፣ ግማሽ ስፋቱ 120 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ እናሰምራለን። ያንኑ 120 በዙሪያው ላይ ብንረግጠው በትክክል ስድስት ጊዜ ይገባል፤ ከስድስቱ ምልክቶች አንድ እየዘለልን ሦስቱን ስንወስድ እኩል የተራራቁ የሦስት እግሮች ቦታ እናገኛለን። ሦስት እግር ደግሞ በተስተካከለም ባልተስተካከለም ወለል ላይ አይወዛወዝም።

ስለ ጥንቃቄ

ቦዩ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። 18 ሚሊ ሜትር ጣውላ በየዙሩ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር እየጠለቀ በአምስት ወይም በስድስት ዙር ይቆረጣል። ክዳን በሚቆረጥበት ጊዜ ራውተሩ ከላይ ሲታይ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒው ይዞራል፤ ያን ጊዜ የፑንታው ግፊት መምሪያውን ወደ ችካሉ ያስጠጋዋል። ሥራው ከሥሩ በሚጣል ሰሌዳ ላይ በሞርሴቶ ወይም በብሎን ይታሰራል፤ በተለይ ውስጠኛው ክብ መታሰር አለበት። በመጨረሻው ዙር ክቡ ከዙሪያው ሲላቀቅ ካልታሰረ ፑንታው ይይዘውና ይወረውረዋል። የዓይን መነጽር፣ የአፍንጫ መሸፈኛና የጆሮ መከላከያ አይዘነጉ።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ አገር ሥራ ቤቶች ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በሥራ መካከል መብራት ሲሄድ ማብሪያው እንደ በራ ይቀራል። ሠራተኛው ራውተሩን አጋድሞ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል፤ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ያለ ያዥ ይነሣል። ስለዚህ መብራት በሄደ ቅጽበት ማብሪያው ይጥፋ፤ ገመዱም ይነቀል። ይህ በየሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ሕግ ነው።

መምሪያው የማን ነው?

እንግሊዛዊው የቤት ዕቃ ንድፍ መምህር ዴቪድ ፓይ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ስለ እጅ ሥራ በተጻፈ መጽሐፉ ሁለት ዓይነት አሠራሮችን ይለያል። በአንደኛው የሥራው ጥራት እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት በሠሪው እጅና ጥንቃቄ ላይ ይንጠለጠላል፤ በሌላው ውጤቱ ሥራው ሳይጀመር በመሣሪያው ተወስኗል። ክብን በእጅ መጋዝ መቁረጥ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ በመምሪያ መቁረጥ ከሁለተኛው። እኔ የምጨምረው ይህን ነው፦ ያ እርግጠኝነት ከሰማይ አልወረደም። መምሪያውን የሠራው ሰው አደጋውን አስቀድሞ ተሸክሞታል። መምሪያውን ሌላ ከሠራው ግን ዕውቀቱም በሌላ ዘንድ ይቀራል።

ይህ ጥያቄ ለአሰላ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተመሠረተው፣ ብዙዎች ‘ካዱ’ በሚል አጭር ስሙ የሚያውቁት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት መቀመጫው እዚሁ ነበር። ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ጎን ለጎን በበሬ የሚጎተቱ የእርሻ መሣሪያዎችን የሚያጠናና የሚያሻሽል ክፍል ነበረው፤ በአሰላ ዛሬም የግብርና ምህንድስና ምርምር ይካሄዳል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ የተሻሻሉ ማረሻዎች ቢቀርቡም በበሬ የሚያርሰው ገበሬ ነባሩን አልተወም። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይኖራል፤ አንዱ ግን ዓይን የሚያየው ነው። ሞፈሩንና ድግሩን ገበሬው ራሱ ጠርቦ ያበጃል፤ ብረቱን የቅርቡ ቀጥቃጭ ያቃናዋል። ሲሰበር ጠጋኙ በመንደሩ አለ። በአንጻሩ በስንዴው ማሳ መካከል ኮምባይነር አንድ ክፍል ሲጎድለው ያ ክፍል እስኪገኝ መቆሙ የማይቀር ነው። ይህን ስል ኮምባይነር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ከትልቁ ማሽን ጎን፣ የሚጎድለውን ትንሽ ነገር ራሱ ማበጀት የሚችል ሰው ያስፈልጋል ማለቴ ነው። ያ ሰው የሚገኘው ደግሞ ከማሠልጠኛዎቻችን ነው።

እንግዲህ ለመምህራን ሁለት ሐሳብ አቅርቤ ልጨርስ። በአንድ ራውተር ዙሪያ ብዙ ሠልጣኝ በሚሰለፍበት ክፍል፣ ተራ የሚጠብቀው ተማሪ ሰሌዳውን ሲያሰምር፣ ቀዳዳውን ሲበሳ፣ ችካሉን ሲገጥም ሊውል ይችላል፤ ለዚህ ቁርጥራጭ ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ያን ጊዜ ማሽኑ አንድ ቢሆንም ሥራ የሚፈታ ተማሪ አይኖርም። ሁለተኛ፣ ውጤት ስንሰጥ የተቆረጠውን ክብ ብቻ አንይ። መምሪያውን እንይ፤ ተማሪው የሙከራ ቦዩን ለክቶ ያገኘውን ልዩነትና ያደረገውን ማስተካከያ ጽፎ ያቅርብ። ክቡ በሌላ እጅ እገዛ ሊያምር ይችላል፤ ያ ጽሑፍ ግን የተማሪውን ማስተዋል ያሳያል።

ተማሪው ተመርቆ ወደ ሳጉሬ፣ ወደ በቆጂ ወይም ወደ ኢተያ ሲመለስ የማሠልጠኛውን ማሽን ይዞ አይሄድም። ከዓመታት በኋላ የሚገዛው ራውተርም ሌላ ዓይነት፣ የብሎኖቹ ቀዳዳም ሌላ ቦታ ይሆናል። የተገዛ መምሪያ ለዚያ ማሽን ላይስማማ ይችላል። አንድ ችካልና አንድ ርቀት የተረዳ ሰው ግን በግማሽ ቀን አዲስ ይሠራል።