ለመኪና ማእድ ቤት የሚሆን የሳንቃ አመራረጥ

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በመኪና ውስጥ ማእድ ቤት መሥራት ለመሐንዲስ የማይመጥን ትንሽ ሥራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ድልድይ ሲሠራ የሚታሰቡት ጉዳዮች፣ ይኸውም ክብደት፣ ንዝረት፣ እርጥበትና የሰው ደኅንነት፣ በዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁሉም በአንድነት ይገኛሉ። ልዩነቱ፣ ለድልድዩ የሚያስብለት ባለሙያ ሲኖር የመኪናው ማእድ ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ በነጋዴውና በአናጺው ግምት ብቻ የሚሠራ መሆኑ ነው።

ለምሳሌ ዳንግላን መመልከት ይበቃል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። መንገደኛና ጓዙ ለዳንግላ እንግዳ አይደሉም። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዚያ ተቀምጦ ጣናንና የዓባይን ሸለቆ ያጠናው ጓዙን በበቅሎ እያስጫነ ነበር። በቅሎ ጭነት ሲበዛባት ቆማ ትናገራለች፤ መኪና ግን ዝም ብሎ ይሸከምና ዋጋውን ቆይቶ በባሌስትራ፣ በጎማና በነዳጅ ያስከፍላል።

እንግዲህ አንድ የዳንግላ ነዋሪ ለዓመታት ባጠራቀመው ገንዘብ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ፣ ከከተማ ርቀው ለሚውሉ የመንገድ ሠራተኞች ምግብ የሚያቀርብበትን ማእድ ቤት ሊሠራበት ያስባል እንበል። ወደ ሱቅ ሲሄድ የሚቀርቡለት የፋብሪካ ሳንቃዎች በአብዛኛው ሦስት ናቸው፤ ቺፕውድ፣ ኤምዲኤፍና ኮምፔንሳቶ። በዓይን ሲታዩ ኤምዲኤፍ እጅግ ለስላሳ ነው፤ ፎርማይካ የለበሰ ቺፕውድም ያማረ ነው። ዓይን ግን በዚህ ጉዳይ ጥሩ ዳኛ አይደለም።

በመጀመሪያ ክብደቱ ይታይ። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ያው ስፋት ያለው 12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ግን እንደ እንጨቱ ዓይነት ከ16 እስከ 21 ኪሎ ነው። ለማእድ ቤቱ ሦስት ሳንቃ ቢያስፈልግ ልዩነቱ ቢያንስ 57 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። ውኃው ደንበኛ ያገለግላል፤ የሳንቃው ትርፍ ክብደት ግን ማንንም አያገለግልም።

ቀጭን ሳንቃ ይጎብጣል የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግትርነት በውፍረት ሦስተኛ ርቢ ስለሚለካ፣ 12 ሚሊሜትር ሳንቃ ከአንድ ዓይነት 18 ሚሊሜትር ሳንቃ ግትርነት 30 በመቶ ያህሉ ብቻ አለው። ይሁን እንጂ የመደርደሪያ ጉብጠት በርዝመቱ አራተኛ ርቢ ያድጋልና፣ በድጋፎች መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ቢቀነስ ጉብጠቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ በውፍረት ፈንታ ድጋፍ መጨመር ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ውኃ ነው። በዳንግላ በዓመት ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ የሚጥል ሲሆን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። በተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ የድስቱ እንፋሎት በቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ተራ ቺፕውድ በጠርዙ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ያበጠው ጠርዝ ብሎን መያዝ ስለሚያቅተው የኮረኮንች መንገድ ንዝረት ማጠፊያውን በቀላሉ ይነቅለዋል። ኮምፔንሳቶ የጣሊያንኛ ስሙ እንደሚያመለክተው የተመጣጠነ ነው፤ የአንዱ ንጣፍ ጭረት የሌላውን እያቋረጠ ስለሚጣበቅ እንጨቱ በእርጥበት መስፋቱና መጥበቡ ይገታል።

ዳሩ ግን ኮምፔንሳቶ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ወሳኙ ኮላው ነው። በዩሪያ ፎርማልዴሃይድ የተጣበቀው ለደረቅ ቤት ሲሆን፣ በፌኖል ኮላ የተሠራው እርጥበትን ይችላል። ነጋዴው ውኃ አይነካውም ቢል፣ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ለጥቂት ሰዓታት አፍልቶ በጥላ ማድረቅ ነው። ንጣፎቹ ከተላቀቁ ሳንቃው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ይህ ፈተና ከድስትና ከማንደጃ በቀር ሌላ ላቦራቶሪ አይጠይቅም።

ኮላው የጤናም ጉዳይ ነው። ፎርማልዴሃይድን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል። ሙቀትና እርጥበት ከሳንቃው የሚወጣውን ጋዝ ይጨምራሉ፤ ጠባቡ ክፍል ደግሞ ያጠራቅመዋል። ስለዚህ ዝቅተኛ ልቀት ያለውን፣ በአውሮፓ ደረጃ ኢ1 የተባለውን መጠየቅ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በቫርኒሽ መድፈንና የአየር መውጫ ማበጀት ይገባል።

የአገር ቤት እንጨትም የራሱ ቦታ አለው። ዋንዛ ለቤት ዕቃ የተመሰገነ ቢሆንም ዛፉ ጥበቃ የሚያሻው በመሆኑ ለጥቂት ሞራሌ ካልሆነ በቀር ማባከን አይገባም። ባሕር ዛፍ ከባድ ነው፤ በደንብ ካልደረቀም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የእንጅባራ ቀርከሃ ግን ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ ተሰንጥቆ ለግድግዳ ሽፋን መልካም ነው። በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ተክለው ከሚያለሙት ዲከረንስ የሚገኘው ከሰል ምንም በቅርብ ቢገኝ፣ በመኪና ውስጥ ፈጽሞ ሊነድ አይገባም፤ ጋዙ ሳይሸት ይገድላል። በጋዝ ምድጃ አጠገብ ያለውም ሳንቃ በላሜራ ተከልሎ፣ በመካከላቸው ሁለት ሳንቲሜትር ያህል የአየር ክፍተት ሊተውለት ያስፈልጋል።

በጠቅላላው ምርጫው እንዲህ ነው፤ ለአካሉ በፌኖል ኮላ የተጣበቀ 12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ለማእዘኑ ሞራሌ፣ ለማያያዣው በሳንቃው አልፎ በዳዶ የሚጠብቅ ብሎን። ለዚህ የሚጠየቀው ዋጋ ከቺፕውዱ ይበልጣል። ነገር ግን ያ የዳንግላ ሰው ሁለተኛ ማእድ ቤት የሚሠራበት ገንዘብ የለውም። ቺፕውዱ በአንድ ክረምት ቢፈርስበት የሚያጣው መደርደሪያውን ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን እንጀራ ጭምር ነው። ይህን ሒሳብ ሳንቃው ከመቆረጡ በፊት አናጺው ሱቅ ድረስ ሄዶ ማስረዳት የመሐንዲሱ ፋንታ ነው።