ጂፒኤስ ሲጠፋ



ቦሌ ሚካኤል ያደገን ሰው የአውሮፕላን ድምፅ አይቀሰቅሰውም። አውሮፕላን ያለ ሳተላይትም ርቀቱን ያውቃል፤ ዲኤምኢ የሚባለውን የመሬት ጣቢያ ይጠይቃል፣ ጣቢያው ይመልሳል፣ ርቀቱ ከምልልሱ ጊዜ ይሰላል። የጂፒኤስ ሞገድ ግን ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ስለሚደርስ ደካማ ነው፤ በቀላሉ ይታፈናል።

ታዲያ ይህን የቆየ ዘዴ ለድሮን ልንሞክረው አሰብን። ኤርፖርት አጠገብ ድሮን ማብረርማ አይታሰብም! ሦስት ጣሪያ ላይ አነስተኛ ምላሽ ሰጪ ሳጥኖች አስቀምጠን መሣሪያውን በእጃችን ይዘን ሰፈሩን ዞርን።

የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ይሄዳል። ቆርቆሮ ላይ ነጥሮ ሲመጣ ትንሽ ይዘገያል፤ እኔ በራችን ላይ ቆሜ፣ መሣሪያው ጎረቤት ግቢ አስገባኝ። ድሮን ቢሆን ግድግዳ ነበር የሚያገኘው።

ገና አልፈታነውም። መምህራን፣ ላቦራቶሪው ቅዳሜ ክፍት ከሆነ እንመጣለን።