የሚታይ ሥራና የማይታይ ሥራ፦ ስለ ሙዚቃ ደራስያንና ስለ ባሌት የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች



ስለ ሙዚቃ ደራስያን ዘጋቢ ፊልም የሚሠራ ሰው ከባድ ፈተና አለበት፤ ድርሰት በጽሞና የሚወለድ በመሆኑ ለካሜራ የሚታይ ነገር እምብዛም የለውም። እንግሊዛዊው ኬን ራስል በ1962 እ.ኤ.አ. ስለ ኤልጋር በሠራው ፊልም ተዋንያኑን ሳያናግር ታሪኩን በተራኪ ድምፅ አቀረበ፤ ቁጥብነቱም አስመሰገነው። በ1970 ግን ጀርመናዊውን ሪቻርድ ስትራውስን ከናዚዎች ጋር አቆራኝቶና አጋንኖ ስላሳየው፣ ቤተሰቡ የሙዚቃውን ፈቃድ ነሣው፤ ፊልሙም የድርሰቱ ባለመብትነት ዘመን እስኪያበቃ፣ እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ፣ ታግዶ ኖረ። በቤተሰቡ ቁጣ አልፈርድም፤ ሆኖም ግማሽ ምእት ዓመት ማፈን ለተመልካቹ መልስ አልሆነውም።

በባሌት ዓለም ግን ሥራው ራሱ ይታያል። ፍሬድሪክ ዋይዝማን በ2009 ስለ ፓሪስ ኦፔራ ባሌት ባወጣው «ላ ዳንስ» ተራኪም ቃለ መጠይቅም የለም። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ የምናየው አንዲት እርምጃ ደጋግማ ስትታረም፣ ልብስ ሰፊዎች ሲደክሙ፣ ስለ ጡረታ ሲመከር ነው፤ በጣሪያው ላይ ያለው ንብ አናቢ እንኳ አልቀረም። ርዝመቱ ያሰለቻል የሚሉ አሉ። እኔ ግን መሐንዲስ ነኝና፣ ተሠርቶ ያለቀ ድልድይ የማያሳየኝን ስሌትና እርማት እዚያ ልምምድ ቤት ውስጥ አያለሁ።