ያልተፈረደባቸው ግዞተኞች

የዛሬው ወጋችን ማርጋሬት በትለር ስለምትባል አይርላንዳዊት እናት ነው። አገሯ ካርሎ ነው፤ ከደብሊን በስተደቡብ ምዕራብ ያለ የእርሻ አገር። ወንጀሏ ድንች መስረቅ ነው። የተፈረደባት የሰባት ዓመት ግዞት ነው። የምትጋዘውም ያኔ ቫን ዲመንስ ላንድ ወደምትባለው፣ ዛሬ ታዝማኒያ ብለን ወደምናውቃት፣ ከአውስትራሊያ በስተደቡብ ወደምትገኝ ደሴት ነበር። ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ዓመቱ 1845 ነው።

ድንች ለዚያ ዘመን የአይርላንድ ድሃ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። መሬቱ የባለርስት ነው። ጭሰኛው እህል ቢያመርት፣ አሳማ ቢያረባ ለመሬት ኪራይ ይሄዳል። ለራሱና ለልጆቹ የሚቀርለት ከጎጆው አጠገብ ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ የተከለው ድንች ነው። ጠዋትም ድንች፣ ማታም ድንች። ይኸም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አያደርስም፤ ያለፈው ምርት በበጋው አጋማሽ ያልቅና አዲሱ እስኪደርስ ብዙ ቤት ምድጃው ሳይነድ ይውላል። በእንዲህ ያለ አገር ድንች የሰረቀች ሴት የሰረቀችው ምሳ ነው፤ እራት ነው። ሕጉ ግን ይህን አልጠየቀም። አይርላንድን ትገዛ የነበረችው ብሪታኒያ ከ1788 ጀምሮ ሰማንያ ዓመት ያህል በፈጀ ጊዜ ውስጥ ከ160,000 በላይ እስረኞችን ወደ አውስትራሊያ ምድር አጉዛለች። ከነዚህ ወደ 25,000 የሚጠጉት ሴቶች ነበሩ።

ፍርዱ ሰባት ዓመት ይባል እንጂ መመለሻውን የሚከፍል መንግሥት አልነበረም። ዘመኗን ጨርሳ ነፃ የወጣች ሴት የመርከብ ገንዘብ ከየት ታመጣለች? አብዛኞቹ እዚያው ቀሩ። ስለዚህ እኔ ይህን ፍርድ የሰባት ዓመት ቅጣት ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል፤ ለብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ነበር።

ማርጋሬትን የጫነችው መርከብ ስሟ ራሱ «ታዝማኒያ» ነበር። መስከረም 2 ቀን 1845 ከደብሊን አጠገብ ካለው የኪንግስታውን ወደብ ተነሣች። በላይዋ 138 ሴት እስረኞች ነበሩ። ከመካከላቸው ኤሊዛ ዴቪስ ትገኛለች፤ የገዛ ሕፃኗን ገድላለች ተብላ በዊክሎው ሞት ተፈርዶባት፣ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ግዞት የተለወጠላት ሴት። የሞት ፍርደኛዋና ድንች የሰረቀችው እናት አንድ መርከብ፣ አንድ ወለል ላይ ተጓዙ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በዚያች መርከብ ላይ 35 ሕፃናትም ነበሩ። የእስረኞቹ ልጆች ናቸው። አንዳቸውም ዳኛ ፊት አልቆሙም፤ ማንም ከሷቸው አያውቅም። እናት ልጇን ይዛ እንድትሄድ የሚፈቀድበት ጊዜ ነበር፤ ለማን እንደሚፈቀድ የሚወስኑት ግን ሹማምንቱ ናቸው። ሴቶቹና ቤተሰቦቻቸው ደብሊን ለተቀመጠው የእንግሊዝ ንግሥት እንደራሴ የሚጽፏቸው የምሕረት ማመልከቻዎች ዛሬም በአይርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ። ማንበብና መጻፍ ለማይችለው ሌላ ሰው ይጽፍለታል። የልጆች ነገር በነዚያ ወረቀቶች ውስጥ ተደጋግሞ ይነሣል።

መርከቧ በተነሣችበት ሰሞን በአይርላንድ ማሳዎች ላይ አዲስ በሽታ ታየ። የድንቹ ቅጠል ይጠቁራል፤ ሥሩ መሬት ውስጥ እንዳለ ይበሰብሳል። ታላቁ የአይርላንድ ረሃብ የጀመረው በዚሁ ነው። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጥም ተሰደደ። ማርጋሬት ባሕር ላይ ሆና ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ከሷ በኋላ በመጡት ዓመታት ሆን ብለው ቤት ወይም የድርቆሽ ክምር አቃጥለው፣ ፍርድ ቤት ቀርበው ወደ ግዞት ላኩን ያሉ ሴቶች ነበሩ። ከረሃቡ እስር ቤቱ ተሻላቸው። ይህን ያነበበ ሰው ስለ ወንጀለኛነት ያለውን ሐሳብ እንደገና ቢመረምር አይፈረድበትም።

«ታዝማኒያ» ከሦስት ወር ጉዞ በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን የደሴቷ ወደብ ወደሆነችው ሆባርት ደረሰች። የመጀመሪያው ነገር ምዝገባ ነው። ጸሐፊው ቁመቷን በጫማና በኢንች ይለካል። የፀጉሯን ቀለም፣ የቅንድቧን፣ የዓይኗን ይጽፋል። ግንባሯ ሰፊ ነው ጠባብ፣ አፍንጫዋ ምን ዓይነት ነው፣ አገጯስ፣ ጠባሳ አላት ወይ፣ ፈንጣጣ ነክቷታል ወይ፣ ሃይማኖቷ ምንድን ነው፣ ማንበብ ትችላለች ወይ፣ የምታውቀው ሥራ ምንድን ነው? ለምን እንደተፈረደባትም ራሷ እንድትናገር ይደረጋል። ፎቶግራፍ ለድሃ ባልደረሰበት ዘመን፣ የነዚያን ሴቶች መልክ የምናገኘው ከዚህ መዝገብ ነው። የተጻፈው ግን እንዳያመልጡ ነው።

ቀጥሎ በደርወንት ወንዝ ላይ ወደቆመችው አንሰን ወደተባለች አሮጌ የጦር መርከብ ይወሰዳሉ። ከ1844 ጀምሮ አዲስ የሚመጡ ሴት ግዞተኞች ስድስት ወር የሚታሰሩባት እስር ቤት ሆና ነበር። ልብስ መስፋት፣ ማጠብ፣ ለሰው ቤት የሚሆን ሥራ ይማሩባታል። ከዚያ በጥቂት ደመወዝ ለነጭ ሰፋሪዎች ቤት ይቀጠራሉ። ካጠፉ፣ አሠሪያቸውን ከሰደቡ፣ ከሰከሩ ወይም ካረገዙ፣ በዌሊንግተን ተራራ ግርጌ ብርድና እርጥበት ወዳለበት ወደ ካስኬድስ የሴቶች እስር ቤት ይመለሳሉ።

ልጆቹስ? ከእናታቸው ጋር ያን ሁሉ ባሕር ያቋረጡት ሕፃናት ሆባርት ላይ ተለዩ። ጡት የጣሉትና ከፍ ያሉት ከከተማው ወጣ ብሎ ኒው ታውን ወደሚገኘው የወላጅ አልባዎች ትምህርት ቤት ይላካሉ፤ እናቶቻቸው በሕይወት፣ እዚያው ከተማ እያሉ። ወንዶቹ በአንድ ሕንፃ፣ ሴቶቹ በሌላው ይኖራሉ። በመካከሉ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ስለዚህ ከእናቱ የተለየ ወንድ ልጅ ከእኅቱም ይለያል። ሲያድጉ ለሰፋሪዎች በሥራ ተለማማጅነት ይሰጣሉ። እናት ልጇን ማውጣት ብትፈልግ ማመልከት፣ ማሳደግ እንደምትችልም ማሳየት አለባት። በአይርላንድ የተሰጠው ፍርድ እናቶቹን ብቻ ነበር የሚመለከተው፤ ልጆቹ ላይ የደረሰው ቅጣት ግን በየትኛውም የፍርድ ወረቀት አልተጻፈም። ዘመኑ እንዲህ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልቀበለውም፤ በዚያው ዘመንም በካስኬድስ የሚሞቱት ጨቅላዎች ነገር የከተማውን ጋዜጦች አስቆጥቶ፣ በ1838 በአንድ ሕፃን ሞት ላይ ምርመራ ተካሂዷል። ስሕተት መሆኑን የሚያዩ ዓይኖች ነበሩ።

ወደ ደሴቷ የሚደረገው ግዞት በ1853 ቆመ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ስሟ ታዝማኒያ ተባለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። የግዞተኞቹ የልጅ ልጆች አያታችን ግዞተኛ ነበረች ማለትን እንደ ነውር ቆጥረው ለትውልዶች ደበቁት። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። አይርላንድ በ1988 የግዞተኞቿን መዛግብት በማይክሮፊልም ቀድታ ለአውስትራሊያ ሰጠች። የደብሊኑን የረሃብ መታሰቢያ የሠራው ቀራፂ ሮዋን ጊሌስፒ በሆባርት ወደብ የግዞተኛ ሴቶችን የነሐስ ሐውልቶች ሲሠራ፣ ከሴቶቹ ጋር አንድ ሕፃንም አቁሟል፤ ይህን በማድረጉ ከልቤ አመሰግነዋለሁ። የታዝማኒያ ቤተ መዛግብትም የግዞተኞቹን መዝገብ ብቻ ሳይሆን የኒው ታውኑን ትምህርት ቤት መዝገብ ጭምር በኢንተርኔት ለሕዝብ ከፍቷል። የሕፃኑ ስም፣ ዕድሜው፣ የገባበት ቀን፣ የእናቱ ስምና ያመጣቻቸው መርከብ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ይነበባል።