የሐይቅ ዘበኛ ማን ነው?
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ለከብቱ እረኛ፥ ለእህሉ ጠባቂ፥ ለቤቱ ዘበኛ የሚያቆም ሰው፥ ለሐይቁ ማንን እንዳቆመ ቢጠየቅ ምን ይመልስ ይሆን? ውኃ በር የለውም፤ ሌባ ሲገባበትም ኮቴው አይሰማም። ዛሬ ልናወሳላችሁ የፈለግነው ስለዚህ ድምፅ አልባ ሌባና ስለ ጥበቃው ነው።

በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የደረሰው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። በጥቁር ባሕርና በካስፒያን ባሕር አካባቢ የሚገኝ፥ ብዙውን ጊዜ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ባለዛጎል ፍጥረት አለ። በዛጎሉ ላይ እንደ ሜዳ አህያ ያለ ሸንተረር ስላለበት «ዜብራ መስል» ይባላል። መርከቦች ጭነት በማይዙበት ጊዜ ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ውኃ ይሞላሉ፤ ይህም ፍጥረት በዚያ ውኃ ውስጥ ሆኖ ውቅያኖስ እንደ ተሻገረ ይታመናል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. በሴንት ክሌር ሐይቅ ተገኘ፤ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ በአምስቱም ታላላቅ ሐይቆች ታየ። በ1989 ዓ.ም. መጨረሻ በኢሪ ሐይቅ ዳር ያለችው የሞንሮ ከተማ የውኃ መሳቢያዋ በዚሁ ፍጥረት ተወርሮ፥ ነዋሪዎቿ ሐይቅ ፊት ለፊት እያዩ ውኃ ተቸገሩ።

አንዲቱ እናት በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ጫጩቱ በዓይን አይታይም፤ ለጥቂት ሳምንታት በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ከቆየ በኋላ በድንጋይ፥ በቧንቧና በጀልባ ላይ ይጣበቃል፤ ለዓሣ ግልገል ምግብ የሚሆነውንም ረቂቅ ነገር ከውኃው እያጣራ ይበላል። በትልቅ ሐይቅ ውስጥ አንድ ጊዜ ከተዛመተ በኋላ ፈጽሞ የሚያጠፋው ዘዴ እስካሁን አልተገኘም።

ስለዚህም የዚያ አገር ሰዎች ጥበቃን ሥራ አደረጉት። በጀልባ ማቆሚያው ላይ ገመድና ሰሌዳ ውኃ ውስጥ አንጠልጥለው በየጊዜው እያወጡ ይመረምራሉ፤ ውኃውን በረቂቅ መረብ አጣርተው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ጀልባው በእጅ ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ከሻከረ ጫጩቱ ተጣብቆበት ይሆናልና ይጠረጠራል። ጀልባን ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የሚወስድ ሰውም አጥቦ፥ በውስጡ ያለውን ውኃ አፍስሶ፥ አድርቆ እንዲወስድ ይታዘዛል። ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኛው ለገበሬና ለዓሣ አጥማጅ የማይሳነው ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ጣናን ያስታውስ። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። በአገራችን በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ መገኘቱ የተነገረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ነው፤ በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 46 ዓመት አለፈ። ጠላቱ ስሙም መልኩም የታወቀ ነበር፤ ነገር ግን ማወቅ ብቻውን ዘብ አይሆንም። ከዚያም በኋላ ገበሬው እርሻውን ትቶ፥ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ፥ በጥቂት ሰው እጅ ሊነቀል ይችል የነበረውን አረም በሺህ ሰው እጅ ሲነቅል አየን።

እንግዲህ የሐይቅ ዘበኛ ማን ነው? ሊቁ በየወሩ አንድ ቀን ቢመጣ፥ ዓሣ አጥማጁ ግን በየማለዳው እዚያው ነው። መረቡን ሲያወጣ ከዚህ ቀደም ያላየውን ቅጠል ወይም ዛጎል ቢያገኝ፥ ወደ ውኃው መልሶ አይጣለው፤ ይዞ ወደ ግብርና ሠራተኛው ይሂድ። ያ ሠራተኛም «ይህ ምን አላት» ብሎ አይመልሰው፤ ተቀብሎ ይመርምር፥ ይመዝግብ። መረቡንና ጀልባውን ወደ ሌላ ውኃ የሚወስድም አስቀድሞ አጥቦ በፀሐይ ያድርቅ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም። በውኃም ላይ የሚነድ አለ፤ ጭስ ስለሌለው ግን ቀርቦ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል።